ክብደትና ሚዛን

የግራንድ ፎርክስ ጥር ነው፤ ትንፋሹ እየጨሰ፣
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሱራፌል ፎርም ይዞ ደረሰ።
እኔ የአርባ ሁለት የሞቴል ክፍል ገቢ ስደምር ነው፤
ሒሳቡ ሦስት ዶላር ጠፍታ ነው አልዘጋ ያለው።
"አክስቴ፣ ዋስ ሁኚኝ፤ ባንኩ እኔን አያውቀኝ።"
የጫማው በረዶ እስኪቀልጥ ቆሞ ጠበቀኝ።

ስድስት ክንፍ ሰጥታው ነበር እናቱ በስሙ፤
ባንኩ ግን ደመወዝ እንጂ ክንፍ አይደለም ጥሙ።
መቶ አሥር ሺህ ዶላር። ደግሜ አነበብሁት፤
ዜሮውን እንደ እንቁላል በጣቴ ቆጠርሁት።
የክፍል ትምህርቱስ እሺ፣ መኝታውም ይሁን፣
ሞተሩ ነው እንጂ የሚበላው ብሩን፤
ሰዓትን ባሥር ቆርሶ ሜትሩ ያላምጣል፤
አንዱ ቁራሽ ብቻ ሃያ ስድስት ያወጣል።
ሁለት ሰዓት ቆሜ በሌሊት የማገኛት፣
እሱ ገና ሳይነሣ፣ ተራ ሲጠብቅ የሚያቃጥላት።
ብር ብሎ የሄደ ብር፣ አልኩት፣ መቼ ያርፋል?
እሱ ግን ለጥያቄዬ ሌላ ቁጥር ይጽፋል፦

"ለመንገደኛ ጀት ሺህ አምስት መቶ ሰዓት ይጠየቃል፤
ይህ ዲግሪ ላለው ግን ሺህ ብቻ ይበቃል።
ቶሎ መግባት ነው ቁም ነገሩ፤ እዚያ ቤት ሁሉም በተራ፣
ቀድሞ የገባ ገናን ይውላል ከቤተሰቡ ጋራ፤
መጀመሪያ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ በኋላ ይከፍላል፣
የዘገየ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጀርባ ያያል።"

የቀን ፈረቃዋ ዳርሊን ልጅ አላት፣ እንደሱ የተማረ፤
ሥራ በያዘ ባመቱ ወረርሽኝ ገባ፤
አውሮፕላኑ ቆመ፤ ወለዱ ግን በረረ።
ደግሞስ ልብ የሚሉት አለ፤ አንድ ቀን ስቶ ቢዘል፣
ሐኪም ፊርማውን ቢነሣው፣
ዲግሪ ምን ሊረባ? ግድግዳ ላይ ሊንጠለጠል?

ዝም አለ።
ከዚያ "ቅዳሜ ነይ" አለኝ፣ "ከኋላ ትቀመጫለሽ።"

ሀንጋሩ ውስጥ፣ ሞተሩ በማሞቂያ ተጠቅልሎ፣
"ስንት ትመዝኛለሽ?" አለኝ፣ እርሳሱን ከጆሮው ነቅሎ።
መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለውን፣ የድሮውን፣ ነገርሁት፤
በዓይኑ ሚዛኑን አሳየኝ፤ ከነካፖርቴ ወጣሁበት።
አሥራ ሰባት ፓውንድ ዋሽቻለሁ።
ቀና ብሎ አላየኝም፤ በላጲስ አጠፋው፤
"ሦስት ጋሎን ነዳጅ ሊያህል ነው" አለና እንደገና ጻፈው።
ከኋላ ወንበር፣ ከቦርሳው በላይ፣
እኔም ጭነት ሆኜ ተጻፍሁ።
ደመረ፤ አባዛ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ፤
ሦስተኛም ጊዜ፤ ይህን ማንም አላዘዘው ነበረ።
ለሦስት ዶላር የማድር ሴት ነኝ፤ ይህን ዓይነት እጅ አውቃለሁ።

አስተማሪዋ ኪርስተን፣ ሃያ ሦስት የማይሞላት፣
እሷም ሰዓት ለቃሚ ናት፤ ስምንት መቶ አርባ አላት።
"ዕዳሽስ?" አልኳት ባየር ላይ፤ በጆሮ ማዳመጫው ሳቀች፣
"ነፋሱን እይው" ብላ ለሱራፌል አመለከተች።
ቀይ የሚሉት ወንዝ ነጭ ሆኖ ከታች ተጋድሟል አሉ፤
እኔ በትከሻቸው መሐል ሜትሩን ሳይ ነበር፣ ቁጥሮቹ ሲንከባለሉ።
አንድ ነጥብ ሁለት ላይ አረፍን።
ካርዴን ሰጠሁ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

ሰኞ ሌሊት ፈረምሁ።
የፎርሙ ሳጥን ሁለት ስም ብቻ ይይዛል፤
የአያቴን ስም ከኅዳጉ ጨመርሁት፤ ይክበድ።
ያተርፋል? በሃያ ዓመት ይታወቃል፤
ያኔ እኔ ሰባ ሁለቴን ይዣለሁ፣
እሱ ወይ የገና ዕረፍቱን ይመርጣል፣ ወይ የሰው ጀርባ ያያል።

ብዕሩን ሳልከድን ወደ መዝገቤ ተመለስሁ።
ያቺ ሦስት ዶላር እስካሁን አልተገኘችም።